ደጀን የተቆረጠ ደረሰኝ ጎሐ ጽዮን ለምን አይሠራም? የክልል ሥልጣንና የሀገር አንድ ገበያ

ድንች ቀጠሮ አይጠብቅም። ከጮቄ ሥር፣ ከስናን ወረዳ ተጭኖ የወረደ ድንች ሸራ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ከዋለ የታችኛው ረድፍ ያልበዋል፤ ካደረ ይሸታል። አንድ ኅዳር ላይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ ስሄድ ሁለት ቦታ ገመድ ተዘርግቶ አስቆሙን፤ አንዱ ከአባይ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ደጀን፣ ሌላው ከአባይ ማዶ ኦሮሚያ ውስጥ ጎሐ ጽዮን። ሾፌሩ ሊብሬውንና የጭነቱን ደረሰኝ ይዞ ይወርዳል፣ ይጠብቃል፣ ይከራከራል። ከሁለተኛው ኬላ ሲመለስ ወጣቱ የድንች ነጋዴ «ጋሼ፣ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀው።

«የወዲያኛው ደረሰኝ እዚህ አይሠራም አሉ» አለ ሾፌሩ። የኮቴውን፣ ማለትም የጭነት ማለፊያውን፣ ድጋሚ ከፈሉና ሄድን።

ያቺ የሾፌሩ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሥልጣንን ለክልሎች ያከፋፈሉ ሀገሮች ሁሉ የሚቸገሩበት ጥያቄ እሷ ውስጥ አለ። ክልል ራሱን ያስተዳድር ከተባለ የራሱን ሕግ ማውጣት፣ የራሱን ግብር መሰብሰብ አለበት። ሀገሪቱ አንድ ገበያ ናት ከተባለ ደግሞ ደጀን ላይ ሕጋዊ የሆነ ጭነት ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሕገ ወጥ ሊሆን አይገባም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚጋጩትም መንገድ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ መስመሩን የት አሰመረው?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድና የውጭ ንግድን የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልሎች ነው ይላል። እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የሚሸጥ ጤፍ የክልሉ ጉዳይ ነው፤ ያው ጤፍ ተጭኖ አባይን ሲሻገር የፌዴራሉ ይሆናል።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ከስናን ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚራገፍ ጭነት ገና ደጀን ሳይደርስ አንድ ወረዳ ቢያስቆመው፣ ያ በክልል ውስጥ የሚደረግ ንግድ ነው ወይስ በክልሎች መካከል? የሕገ መንግሥቱ ቃል ይህን ዘርዝሮ አይተረጉምም። በእኔ አስተያየት ጉዞው አንድ ነው፤ መኪናው ከተጫነበት ሰዓት ጀምሮ በክልሎች መካከል የሚደረግ ንግድ ሆኗል። እንዲህ ካልተነበበ የፌዴራሉ ሥልጣን ድልድዩ ላይ ብቻ የቀረ ሥልጣን ይሆናል።

የግብሩ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። «ያልተሰጠ ሁሉ የክልል ነው» የሚለው ደንብ ለግብር አይሠራም። ክልሎች በምን ላይ ግብር እንደሚጥሉ አንቀጽ 97 ይዘረዝራል፦ የክልል ሠራተኞች ደመወዝ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የገበሬ ገቢ፣ በክልሉ ውስጥ የሚነግድ ግለሰብ ነጋዴ ትርፍና ሽያጭ፣ ሌሎችም። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ አዲስ ግብር ከመጣ፣ ማን እንደሚጥለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ (አንቀጽ 99)። ዕቃ በግዛቴ ስላለፈ ብቻ ይክፈል የሚል ግብር ከክልሎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ታዲያ ኬላው ላይ የሚከፈለው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ «የአገልግሎት ክፍያ» ይባላል። ክልሎች ለሰጡት ፈቃድና አገልግሎት ማስከፈል በእርግጥ ይችላሉ። ነገር ግን አንቀጽ 100 የሚጣለው ክፍያ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር እንዲመጣጠን ይጠይቃል። ገመድ ዘርግቶ ማስቆም፣ ከዚያም ገመዱን መልሶ ማንሣት ለድንች ነጋዴው ምን አገልግሎት ሰጠው?

የሰዎች መብትም አለ። አንቀጽ 32 በሀገሪቱ ውስጥ በነፃነት መንቀሳቀስን፣ አንቀጽ 41 በየትኛውም የሀገሪቱ ክፍል በመረጡት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ መተዳደርን ይፈቅዳሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ የሚናገሩት ስለ ሰው ነው። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 በክፍላተ ግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ ፍጹም ነፃ ይሁን ብሎ በቀጥታ ደንግጓል። ስለ ዕቃ እንዲህ በግልጽ የሚናገር አንቀጽ የእኛ የለውም።

ክርክር ቢነሣ ዳኛው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩንም አስቀድሞ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመረምረዋል። ይህ ለትልልቅ ጥያቄ የተሠራ መንገድ ነው። መንገድ ላይ ለቆመ ድንች አይደርስም።

ኬላን የወለደው ፌዴራሊዝም አይደለም

ኬላ ሲነሣ «ክልሎች ባይኖሩ ኖሮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አልቀበልም፤ የማልቀበለውም የጎጃምን ታሪክ ስለማውቅ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ የጁቤ ከምትባለው ከተማ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ነጋዴው ከጉድሩ ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ያመጣል፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው፤ ከአፋር ቆላ ተቆርጦ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር እየተወደደ ይሄዳል። ርቀቱ አንዱ ምክንያት ሲሆን ሌላው በየመኳንንቱ ግዛት የሚከፈለው የኬላ ቀረጥ ነው። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ ሲዋጉ ከአባይ ማዶ ያለው ሀብትና የንግድ መስመር በማን እጅ ይሁን የሚለው የጦርነቱ ዋና መነሻ ነበር። ያኔ ክልል የሚባል ነገር አልነበረም።

ይበልጥ የከበደው ኬላ የመጣው ግን ከማዕከላዊው መንግሥት ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስረክብ ነበር፤ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይንቀሳቀስም በኬላ ይጠበቃል። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሆነ ቁጥጥሩ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። አጎቴን አንድ ቀን «አያ፣ ኮታውን ካስረከባችሁ በኋላ የተረፈውንስ ለምን ርቃችሁ ሄዳችሁ አትሸጡም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅ፣ በምን አልፌ?» አሉኝ። ከአባይ ማዶ ያለው ሰው በእህል እጦት ዋጋ ሲንርበት፣ ወዲህ ያለው ገበሬ ጎተራው ሞልቶ በርካሽ ይሸጣል። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ቀርቶ የእህል ንግድ ሲለቀቅ በክፍለ ሀገሮች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የተነሣው አዲስ አበባ ላይ በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት ነው። መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት ነበረው፤ አዋጁን ያወጡት ሰዎች ያንን ሥጋት ቀርበው አላዩትም። ዛሬ የገበሬን ገቢ ግብር የሚወስነው ክልል ነው። መሬትና ገበሬን የሚነካ ውሳኔ ቅርብ ካለ ሰው እጅ መውጣት እንዳለበት ጎጃም በደም ተምሮታል። ስለዚህ ኬላን ለማንሣት ብሎ የክልልን ሥልጣን መንጠቅ አንዱን ቁስል ለማዳን ሌላውን መቆስቆስ ነው።

ገመዱ በኩንታል ስንት ያስወጣል?

የክፍያውን ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው ጉዳቱን ያሳንሰዋል። ለማስረዳት ያህል በምሳሌ ቁጥር እንሥራው። አንድ መኪና 60 ኩንታል ጭኗል እንበል። አምስት ቦታ እየቆመ በየቦታው 600 ብር ቢከፍል 3,000 ብር ነው፤ በኩንታል 50 ብር ማለት ነው። አሥር ኩንታል ለሸጠ ገበሬ 500 ብር ሄደ። ያሳዝናል፤ ግን ገና አልጨረስንም።

ያው መኪና ሳይጉላላ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሲጉላላ ሁለት ጊዜ ይመላለስ። የሾፌርና የረዳት ክፍያ፣ የባንክ ዕዳ፣ መድን፣ ሌላውም ቋሚ ወጪ በሳምንት 36,000 ብር ይሁን። ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ወጪው ለ180 ኩንታል ይካፈላል፦ በኩንታል 200 ብር። ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ለ120 ኩንታል፦ 300 ብር። መጉላላቱ ብቻ በኩንታል 100 ብር ጨመረ፤ ከክፍያው እጥፍ ማለት ነው። ከዚህ 100 ብር ደግሞ ወረዳው አምስት ሳንቲም አያገኝም። የማንም ገቢ ሳይሆን የሚባክን ገንዘብ ነው።

ማን ይሸከመዋል? ዕቃው ማን መጠበቅ እንደማይችል ይወስነዋል። ድንች ከሆነ ገበሬው ነው፤ ሳይበላሽበት መሸጥ አለበትና ነጋዴው የመንገዱን ወጪ ከማሳው ዋጋ ላይ ይቀንስበታል። ጤፍ ከሆነና ወቅቱ ክረምት ከሆነ፣ ጎተራ ያለው ይጠብቃል፤ ጭማሪውን የሚከፍለው አዲስ አበባ ያለች እናት ናት። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ጤፍ በድንገት ሲያሻቅብ እህል የሚያግዱ ኬላዎች ከምክንያቶቹ አንዱ ተብለው በሰፊው ተነሥተው ነበር።

መንገድ ላይ የሚያቆም ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የጸጥታ ፍተሻ አለ፤ የጉምሩክ ኮሚሽን የኮንትሮባንድ ቁጥጥር አለ፤ የደን ውጤትና የእንስሳት በሽታ ቁጥጥር አለ። የጫኝና አውራጅ ማኅበራትም አሉ፤ ባለጭነቱ በራሱ ሰው ላራግፍ ቢል «ከተማው የእኛ ነው» ይሉታል። ይህ በየከተማው ያለ ትንሽ ኬላ ስለሆነ ከክልል ወሰን ጋር አይገናኝም፤ ዋጋው ላይ የሚያርፈው ግን እኩል ነው።

ወረዳዎችስ ለምን ገመድ ይዘረጋሉ? በክፋት ብቻ አይደለም። የክልሎች በጀት ከፊሉ የሚሸፈነው በፌዴራል ድጎማ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ወረዳ ሲደርስ ከደመወዝ አያልፍም። መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ከዚህም ሌላ እህል እንዳይወጣ የሚያግድ ባለሥልጣን የከተማውን ሸማች እየጠበቀ ይመስለዋል፤ ለዚያ ጥበቃ የሚከፍለው ግን የራሱ ክልል ገበሬ ነው።

ሌሎች እንዴት ሞከሩት?

ብሪታንያ ለስኮትላንድ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ የራሳቸውን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሰጥታለች። ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ሁሉንም ያስተሳስር የነበረው የኅብረቱ ሕግ ቀረ። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2020 የውስጥ ገበያ ሕግ አወጣች። የሕጉ አንዱ መርሕ በአንዱ ክፍል በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ዕቃ በሌላውም ይሸጥ የሚል ነው። ሁለተኛው መርሕ ከሌላው ክፍል የመጣውን ዕቃ ለይቶ መጉዳትን ይከለክላል። የሾፌሬ ደረሰኝ ችግር በመጀመሪያው መርሕ ይፈታ ነበር።

መዘዝም አመጣ። ስኮትላንድ ባዶ የመጠጥ ጠርሙስና ጣሳ የሚመልስ ሰው አስቀድሞ የከፈለው 20 ፔንስ የሚመለስለት አሠራር ደነገገች። ከእንግሊዝ የሚመጣ ጠርሙስ ግን በውስጥ ገበያው ሕግ ከዚህ ነፃ ሆኖ መሸጥ ስለሚችል፣ አሠራሩ እንዲሠራ የለንደን መንግሥት ፈቃድ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን የብርጭቆ ጠርሙስ ከአሠራሩ ካልወጣ አልፈቅድም አለች፤ ስኮትላንድም ዕቅዱን አዘገየች። የስኮትላንድና የዌልስ ምክር ቤቶች ከመነሻው ለሕጉ ፈቃዳቸውን ነፍገው ነበር። ከሕዝቡ አምስት እጁ አራቱ እንግሊዝ ውስጥ በሚኖርበት ሀገር «የአንዱን ሌላው ይቀበል» ማለት በተግባር የትልቁን ሕግ ትንሹ ይቀበል ማለት ይሆናል። እኛም ይህን መርሕ እንውሰድ ስንል ትንንሾቹ ሐረሪና ጋምቤላ ከትልልቆቹ ከኦሮሚያና ከአማራ ጎን እንዳሉ መርሳት የለብንም።

ከብሪታንያ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የህንድ መንገድ ይመስለኛል። እዚያም የጭነት መኪና በየክፍለ ግዛቱ ወሰን በግብር ኬላ ተሰልፎ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2017 ህንድ ብዙዎቹን የፌዴራልና የክፍለ ግዛት የሽያጭ ግብሮች በአንድ የዕቃና የአገልግሎት ግብር ተካች፤ የወሰን የግብር ኬላዎችም ተነሡ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው እንዴት እንዳስማማች ነው። የግብሩን ጉዳይ የሚመክረው ጉባኤ ውስጥ ማዕከላዊው መንግሥት የድምፁን አንድ ሦስተኛ፣ ክፍለ ግዛቶች ሁለት ሦስተኛውን ይይዛሉ፤ ውሳኔ የሚያልፈው በሦስት አራተኛ ድምፅ ነው። ማዕከሉ ብቻውን አይወስንም፤ ክፍለ ግዛቶችም ያለ ማዕከሉ አይወስኑም። ገቢ ይቀንስብናል ላሉት ደግሞ ገቢያቸው በዓመት 14 በመቶ እያደገ እንደሚሄድ ተቆጥሮ ጉድለቱ ለአምስት ዓመት ተካሰላቸው። ኬላው የተነሣው ገቢው በሌላ ስለተተካ ነው። በእኛ ሀገር ኬላ ይነሣ የሚል መመሪያ ወጥቶ ገመዱ በሳምንቱ ተመልሶ ሲዘረጋ የጎደለው ይህ ይመስለኛል።

ከሰሉና አኩሪ አተሩ

ጎጃምን እንደ ተበዳይ ብቻ ማቅረብ ቅንነት አይሆንም። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማን እንይ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ በጥቂት ዓመት ያደርሰዋል፤ አክስሎ ለአዲስ አበባ ይሸጣል። ብዙ ቤተሰብ ሕይወቱን ያቀናበት ሥራ ነው። ከሰል ግን ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦም ይመጣል፤ ስለዚህ መቆጣጠር ተገቢ ነው፤ ክልሉም ሥልጣን አለው። ከተተከለ ዛፍና ከተፈጥሮ ደን የመጣውን ከሰል ለይቶ ማወቅ የሚቻለው የት ነው? የተጫነበት ቦታ፣ ማሳውን የሚያውቅ ባለሙያ ባለበት ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ጆንያውን በብረት ዘንግ የሚወጋ ሰው ምንም አይለይም። እንግዲያውስ ወረቀቱ አንድ ጊዜ፣ ምንጩ ላይ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀበለው። ቅድመ ሁኔታው የሰጠው ባለሙያ የሚታመን መሆኑ ነው። በገንዘብ የሚሸጥ የይለፍ ወረቀት ከተገኘ ሌላው ክልል ደግሞ ልፈትሽ ቢል ልፈርድበት አልችልም።

የቡሬን የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እናንሣ። «በቆሏችን ጥሬውን አይውጣ፤ እዚሁ ይፈብረክ» የሚል ድምፅ በየስብሰባው ይሰማል። ፍላጎቱ ገብቶኛል፤ የሥራ ጥያቄ ነው። ግን ለምግብ ዘይት የሚሆነው አኩሪ አተር በብዛት የሚመረተው መተከል ነው። መተከል ድሮ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ዋና ከተማው አሶሳ የሆነው ያ ክልልም «አኩሪ አተራችን ጥሬውን አይውጣ» ቢል ቡሬ ምን ይጨምቃል? ከሌላው የማንቀበለውን ገመድ እኛም መዘርጋት አንችልም። ክልል ፋብሪካ መሳብ ከፈለገ መሬት፣ መንገድና ፈጣን ፈቃድ በእጁ አለ፤ ይህ ሁሉ የገበሬውን ዋጋ ሳይቀንስ ይሠራል።

በእኔ እምነት መለያው እዚህ ላይ ነው። ክልል በግዛቱ ውስጥ ምን እንዴት ይመረት፣ ይቆረጥ፣ ይሸጥ የሚለውን ይወስን፤ በደንቡ ፊት የራሱም የእንግዳውም ዕቃ እኩል ይሁን። ጤናን፣ ደንን ወይም ጸጥታን ለመጠበቅ ማስቆም ካስፈለገ ምክንያቱ በታተመ ሕግ ይጻፍ፤ ፍተሻው አንድ ጊዜ ይደረግ። ወሰን ስለተሻገረ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ ግን ለማንም አይፈቀድ።

በዚህ ለመስማማት ሕገ መንግሥቱ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። በፌዴራልና በክልሎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1231 በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የሁለቱ ወገን አስፈጻሚዎች ተገናኝተው የሚመክሩበትንም መድረክ አቋቁሟል። ክልሎች አሁን አሥራ ሁለት ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስማማት ይከብድ ይሆናል። በአንድ መንገድ ግን መጀመር ይቻላል፦ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለት ክልሎች፣ አንድ የከተማ አስተዳደርና ፌዴራሉ ይቀመጡ። በመንገዱ ላይ ያሉ ወረዳዎች ከኬላ በዓመት ስንት እንደሚያገኙ ይቆጠር፤ ያው ገንዘብ በድጎማ ይተካላቸው። ጭነቱ የተነሣበት ቦታ የተቆረጠው ደረሰኝ መርካቶ እስኪደርስ ይሥራ። ስናን የተጫነው ድንች ስንት ሰዓት እንደፈጀ በአንድ ዓመት ውስጥ ሾፌሮቹ ራሳቸው ይነግሩናል።